ሞጣ ላይ የጣልኋት ምስር

ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ ግቢዬ ድረስ መጣች። ቀጠን ያለች፣ ጫማዋን ጭቃ የበላው፣ እጇ ላይ የቄስ ተማሪ ሰሌዳ የሚያህል ስልክ ይዛለች።

«እማማ፣ ለካርታ ነው፤ አንድ ሁለት ነገር ልጠይቅዎት» አለችኝ።

«ጠይቂኝ። ባል አለዎት ወይ ብቻ እንዳትዪኝ፣ ነገ ሽማግሌ ይላክብኛል።»

ሳቀች። ከዛ አንገቷን ስልኩ ላይ ደፋ አድርጋ «አገርዎ የት ነው?» አለችኝ።

እኔም ሳቅሁ። ሳቄ ግን አልቆም አለኝ፤ ልጅቱ ደንግጣ «ውሃ ላምጣልዎት?» ማለት ጀመረች። ያሳቀኝን ብነግራት እዚሁ ታድር ነበር። ስሜነህን አታውቀውማ! ስሜነህን ከቀበርነው አሥር ዓመት ሊሞላው ነው። ልጅ እግር ሰው ነበር፤ ሰው በጦር ይሞታል፣ በገደል ይሞታል፣ እሱ ግን በዚችው በአንዲት ጥያቄ ነው የሞተብኝ።

እኔ ፊደል አልቆጠርሁም። እኔ እለፈልፋለሁ፣ የልጅ ልጄ ትጽፋለች። አንዳንዴ ብዕሯን ታቆምና «አያቴ፣ ይሄን እንኳ ብንተወው?» ትለኛለች። «ጻፊ! እኔ አፈርሁ ካላልሁ አንቺን ምን አሳፈረሽ?» እላታለሁ።

ስሜነህ ተከራዬ ነበር። እዚሁ ቢቸና፣ ከበሩ አጠገብ ያለችውን ክፍል ተከራይቶ ሦስት ዓመት ኖሯል። ሥራው ጤና ነው፤ የወባ ሰው ነበር። አገሩ ሞጣ ነው። እኔም የሞጣ ልጅ ነኝ፣ በበቅሎ ጭነው ለቢቸና ሰው የዳሩኝ። ገና ቤት ሊያይ የመጣ ቀን አነጋገሩን ሰምቼ «አገርህ የት ነው?» ብለው «ሞጣ፣ ዋንዛ ሚካኤል» አለኝ። ሌላ ሰው ከፍ ያለ ኪራይ አቅርቦልኝ ነበር፤ ያንን አሰናብቼ ቁልፉን ለሱ ሰጠሁት። ለአገሬ ልጅ ነዋ።

ቁመቱ ረዥም፣ ጆሮው ሰፋፊ፣ የሸሚዙ ኪስ ሁልጊዜ እስክሪብቶ የሞላ። ሲያስብ የታችኛውን ከንፈሩን በሁለት ጣቱ ይዞ ይጎትታል። «ተው፣ ሚስት ሳታገባ አፍህን ታጣምማለህ» እለው ነበር። አመሉ ደሞ «የት?» ማለት ነው። «ዶሮዬ ጠፋች» ስለው ሌላ ሰው «አይ እማማ፣ ያሳዝናል» ይላል፤ እሱ «መጨረሻ የታየችው የት ነው?» ይላል። «ወገቤን አመመኝ» ስለው «ሲጀምርዎት የት ነበሩ?» ይላል። «አልጋ ላይ ነበርሁ፣ ከማን ጋር እንደሆነ ግን አልነግርህም» እለዋለሁ፤ ጆሮው በርበሬ ይመስላል። አቶ የት ብዬ ስም አወጣሁለት። ሰፈሩም ለመደው፣ «አቶ የት ገብቷል?» እያለ ነበር የሚጠይቀኝ።

አባባል ነበረችው። «እማማ ጠጂቱ፣ በሽታ ቤት አለው። ቤቱን ያገኘ በሽታውን አገኘ።»

በሚሊኒየሙ ዓመት፣ ወደ ዐቢይ ጾም መግቢያ ግድም፣ ባሕር ዳር ለሁለት ሳምንት ስልጠና ላኩት። ሲመለስ አንድ ሦስት ዳዊት የሚያህል የእንግሊዝኛ መጽሐፍ፣ አንድ እንደ መስተዋት የሚያብለጨልጭ ሲዲ፣ ደሞ አንዲት እጅ የምትሞላ ጥቁር ዕቃ ይዞ መጣ። ጂፒኤስ ናት አለኝ። «በኮምፒውተር ካርታ የሚሠራ ሶፍትዌር ተማርሁ። በሽተኛው የት የት እንዳለ ነጥብ እናደርጋለን፤ ከዛ ነጥቡ ራሱ ይናገራል።»

«ነጥቡ ከተናገረ አንተ ምን ትሠራለህ?» አልሁት።

«እሰማዋለሁ» አለኝ። እንዲህ ያለ ልጅ ነበር።

መማሩ ግን አልቀናውም። መሥሪያ ቤታቸው ያለው ኮምፒውተር አንድ ነው፤ እሱም የጸሐፊዋ ነው፣ ደብዳቤ ትመታበታለች። ስሜነህ የሚደርሰው እሷ ምሳ ስትወጣ ብቻ ነው። ጾሙ ገባና ጸሐፊዋ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አትቀምስም፣ ከወንበሯም አትነሳም። ጾሙ ሲያዝ የስሜነህም ትምህርት አብሮ ጾመ። በሽቆ ይመጣል። «ለምን አትለምናትም?» ስለው «ለመንኋት፣ ጹም አለችኝ» አለኝ።

እቤት መለማመድ ጀመረ፤ በኔ ጠረጴዛ ላይ! ስስ ስስ ፕላስቲክ ቆራርጦ አንዱ ላይ ወንዙን ሣለ፣ አንዱ ላይ መንገዱን፣ አንዱ ላይ አብያተ ክርስቲያናቱን። ከዛ ደራርቦ አስቀመጣቸው። «ኮምፒውተሩም እንዲሁ ነው፣ ንብርብር ነው። አንዱን ስታነሺ ሌላው ይታያል» እያለ ያስረዳኛል። አንቺ ያለኝ በሥራው ሲመሰጥ ነው፤ ሲነቃ ደሞ «ይቅርታ፣ ሲያነሱ» ብሎ ያርመዋል። ነጥቡን በምን እናድርግ ሲል ከጓዳ ምስር ክክ አመጣሁለት። አንዷ ምስር አንድ በሽተኛ። ከላይ ሆነን ስናየው፣ ማርያምን፣ ያምር ነበር። እሱ ፊቱን ሲያዞር አንዷን ምስር አንስቼ አለቃው ቤት ላይ አስቀምጬለት አውቃለሁ። «እማማ! እሳቸው እኮ አልታመሙም!» ይላል። «ይታመሙ እንጂ፣ ምን ከበዳቸው?» እለዋለሁ።

የመጀመሪያውን ካርታ የሠራ ቀን አንገቱን ደፍቶ መጣ። «ቢቸናን ባሕር ውስጥ ጣልኋት» አለኝ። ሁለት ቁጥር አለ፣ አንዱ ወደ ላይ አንዱ ወደ ጎን የሚቆጠር፤ አቀያይሮ አስገብቶት ከተማችን ከነገበያዋ የነጮች አገር ባሕር መካከል ወጣች። «ታዲያ ስንታችን ዋና እንችላለን?» አልሁት። እያለቀሰ ይሁን እየሳቀ ሳላውቅ ጆሮው ድረስ ቀላ። በማግስቱ አቃናው፤ ቢቸናም ከባሕር ወጣች።

ከፋሲካ በኋላ ጂፒኤሷን አንጠልጥሎ ገጠር ለገጠር ይዞራል። አብሬው ዘመድ ልጠይቅ የሄድሁ ቀን ሥራውን አየሁት። አደባባይ ላይ ይቆምና ዕቃዋን ወደ ሰማይ ያነሳታል፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። አንድ ሽማግሌ ቀስ ብለው ተጠጉኝና «ልጁ ምን እየጸለየ ነው?» አሉኝ። «ሰማይ ላይ ያሉ ሳተላይቶች አሉት፣ እነሱን ነው የሚጠራው። አራት ካልሆኑለት አይንቀሳቀስም» አልኋቸው። «መሬት ሊለካብን እንዳይሆን?» አሉ። «ኧረ እሱ ራሱን እንኳ በቅጡ አልለካም፤ ሱሪውን አያዩትም?» አልሁ፣ ሳቁና ገብስ ቆሎ ሰጡን።

ሰኔ ላይ ትልቁን ካርታ ጨረሰ። በወባ የታመመውን ሰው ሁሉ ካርድ ከጤና ጣቢያው አውጥቶ፣ አገሩን አይቶ፣ ነጥብ በነጥብ አስገባው። ቀዩ ነጥብ ሁሉ ወይራ ጊዮርጊስ ላይ ተከመረ። ወይራ ጊዮርጊስ ከቢቸና ብዙም የማይርቅ ደጋ ነው፤ ገብስ አብቃይ፣ ብርዱ ትንኝ ቀርቶ ቁንጫ የሚገድል። ስሜነህ ከንፈሩን ይጎትት ጀመር። «ይሄ እንዴት ሊሆን ይችላል?» ይላል። ግን ነጥቡ ራሱ ይናገራል ብሏል፤ ነጥቡ ደሞ ተናገረ። አለቃው ካርታውን በቀለም አሳተሙት፣ ግድግዳ ላይ ሰቀሉት፣ ለበላይ ላኩት። ስብሰባ ላይ ተጨበጨበለት አሉ። የዛን ቀን ስሜነህ ሁለት ኪሎ ሙዝ ገዝቶልኝ መጣ። ክረምቱ ሳይወጣ ርጭቱም አጎበሩም ወይራ ጊዮርጊስ ደረሰ። የደጋ ሰው በየግድግዳው ተረጨለት፣ በየአልጋው አጎበር ታደለው። ተመስገን አለ፤ ለምን አይል?

መስከረም ላይ የእህቴ ልጅ ጥሩወርቅ ከቆላ መጣች። ጥሩወርቅና ባሏ ዓባይ በረሃ ዋርካ ሜዳ ወርደው ማሽላና ሰሊጥ ያርሳሉ። የወይራ ጊዮርጊስ ልጆች ናቸው፣ እህቴ እዛ ነው የተዳረችው፤ መሬቱ ለወንድማማች አልበቃ ሲል ጎልማሳው ሁሉ ቆላ ይወርዳል፣ ጎጆ ይቀልሳል፣ ዓመት ከዓመት እዛው ነው። ሴትዮዋ ልጇን አዝላ ሙሉ ቀን አቀበት ወጥታ ነው የደረሰችው። ልጁ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ጀርባዋ ላይ እንደ ምጣድ ይፋጃል። ይዣት ጤና ጣቢያ ሮጥሁ። ካርድ የሚያወጣው ልጅ በመስኮቷ ብቅ ብሎ «አገርሽ የት ነው?» አላት።

«ወይራ ጊዮርጊስ» አለች።

ጻፈ። ልጁ በሦስተኛው ቀን አረፈ። ወይራ ጊዮርጊስ ቀበርነው።

ከለቅሶ ተመልሼ ደጃፍ ላይ እግሬን ስታጠብ ስሜነህ መጣ። እግዜር ያጽናዎት አለኝና ትንሽ ቆይቶ፣ ያው አመሉ አይለቀው፣ «የት ነበር የሚኖሩት?» አለኝ።

«ዋርካ ሜዳ ነዋ። በረሃ።»

«ካርዱ ላይስ?»

«ካርዱ ላይ ወይራ ጊዮርጊስ።»

«ለምን?»

«ምን ለምን አለው? አገሯ ነዋ!»

«እማማ፣ ስንት ዓመቷ ነው ዋርካ ሜዳ ስትኖር?»

«ሰባት ይሆናል። በረሃ እኮ ማደሪያ እንጂ አገር አይደለም፣ አንተ ልጅ። አገር ማለት አጥንትህ የሚያርፍበት ደብር ነው። የታመመ ሰው አገሬ በረሃ ነው ካለ እኮ እዛው ቅበሩኝ ማለቱ ነው፤ ሞትን በስሙ መጥራት ነው። ማን ደፍሮ ይላል? እኔንስ ቢጠይቁኝ አርባ ዓመት ቢቸና ኖሬ ሞጣ አይደል የምለው? አንተስ?»

ከንፈሩን እንኳ አልጎተተ። ከዛ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» አለ፣ ለራሱ እንደሚያወራ።

«በሽታውንማ ማን ደበቀ? ቤቱን እንጂ» አልሁት። ቀልዴ ነው የያዘኝ። አፌን በቆረጠው።

ተነስቶ ገባ። ስከተለው ጠረጴዛው ዘንድ ቆሟል። ወይራ ጊዮርጊስ ላይ የተከመረችውን ምስር በጣቱ ጫፍ አንድ አንድ እያነሳ ወደ ገደሉ ያወርዳታል። አንዷን ያነሳል፣ በረሃው ላይ ያስቀምጣል። አንዷን ያነሳል፣ ያስቀምጣል። ደጋው ባዶ ቀረ፤ የዓባይ በረሃ ቀላ። «ርጭቱ» አለ፣ «አጎበሩ» አለ፣ ሌላውን ሳይጨርሰው ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። እኔም ነገሩ ያኔ ገባኝ። የጥሩወርቅ ልጅ አጎበር የተንጠለጠለው አያቱ ቤት ነበር፤ አያቱ ደሞ ትንኝ ምን እንደምትመስል አታውቅም።

በማግስቱ አለቃው ዘንድ ገባ። ሲመለስ ድምፃቸውን እያስመሰለ ነገረኝ። «እማማ፣ ምን አሉኝ መሰለዎት? ‹ስሜነህ፣ ካርታው እኮ ተጨብጭቦለታል› አሉኝ። ‹ተሳስተናል ብለን እንጻፍ› ስላቸው ‹ተሳስተናል የሚል ቅጽ የለንም› አሉኝ።»

እሱ ተስፋ መቁረጥ መች ያውቃል? ጂፒኤሷን አንገቱ ላይ አስሮ ሦስት ቀን ብሎ ዋርካ ሜዳ ወረደ፤ ስምንት ቀን ቆየ። ጎጆ ለጎጆ እየሄደ እያንዳንዷን ነጥብ አደረጋት። ገደሉ ግራና ቀኝ ሰማዩን ስለሚጋርደው ሦስቱ ሳተላይት ይመጣሉ፣ አራተኛዋ ትዘገያለች። የጥሩወርቅ ባል እየሳቀ አጫውቶኛል፦ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ሰው ሁሉ ከትንኙ ሽሽት ጎጆ ሲገባ፣ ስሜነህ ክንዱን ወደ ላይ ዘርግቶ ሜዳ ላይ ቆሞ «መጣች፣ መጣች፣ ትንሽ ቆዩኝ» ይላል። ትንኙ ደሞ እሱን እየጠበቀ።

ተመልሶ በጸሐፊዋ የምሳ ሰዓት አዲስ ካርታ ሠራ። እሷም ልቧ ራርቶ አንዳንድ ቀን ምሳዋን ትታለታለች። ያንን ካርታ ማንም አልሰቀለውም። በካርዱ ላይ «ባለፉት ሁለት ሳምንታት የት አደርክ?» የሚል መስመር ይግባ ብሎ ለመነ፤ ቅጹ ከላይ ነው የሚመጣ፣ ቦታ የለውም አሉት። እሱ ቆሞ ሲያያቸው ካርድ አውጪዎቹ በኅዳጉ ላይ ይጽፉለታል፤ ዘወር ሲል ይተውታል። ክፋት አይደለም፣ ሰልፍ አለባቸው።

«ርጭቱንማ አልችልም» አለኝ አንድ ጠዋት። «አጎበሩን ግን ደጋ ያለውን ብንሰበስበውስ?»

«ብንሰበስበው? ማንና ማን?»

«እኔን ማን ይሰጠኛል? እርስዎን ግን አፍዎን ፈርተው ይሰጣሉ።»

እውነቱን ነው። ወይራ ጊዮርጊስ ወጣንና ቤት ለቤት ዞርን። ወይ ጉድ፣ ያየሁትን! አንዷ አጎበሩን ለጫጩት ማቆያ አድርጋዋለች፣ ጭልፊት እንዳይነጥቅባት። «ጫጩቶችሽ ወባ ያዛቸው እንዴ?» አልኋት። አንዱ ጭድ አስሮ ያመላልስበታል። አንዱ ለልጁ ሰርግ ዳሱን አስጊጦበታል፤ ማማሩስ ያምር ነበር። «ይሄ መንግሥት የሰጠኝ ነው፣ ምን ቤት ነሽ?» ያለኝም አለ። «በረሃ ያለው ያንተ ልጅ ነው የኔ?» ስለው አንገቱን ደፋ። እዛ ቆላ የሚያድረው ሁሉ እኮ የነሱው ልጅ፣ የነሱው ወንድም ነው! «ታዲያ ለምን አላወረዳችሁላቸውም?» ስል አንዲት እናት ምን አለችኝ? «ዕቃማ ካወረድንላቸው እዛው ይቀራሉ።» ምን እላታለሁ? እኔም እሷን ብሆን እንደዛው ነው።

የአንድ አህያ ጭነት ተሰበሰበ። ጥቅምት ገብቷል፤ በረሃው የሚብስበት ወቅት ነው። በር ላይ ስሸኘው ፊቱ ገረጣ አለብኝ።

«ለራስህ አንድ አስቀርተሃል?»

«አስቀርቻለሁ።»

«የት?»

ሳቀ። በራሱ ጥያቄ ያዝሁት። «ከታች ነው፣ ከጭነቱ ሥር» አለኝ። ውሸቱን መስሎኝ ነበር። አህያይቱን ቸብ አድርጌ ሸኘሁት።

በሰባተኛው ቀን በቃሬዛ አመጡት። አራት ሰው፣ የጥሩወርቅ ባል አንዱ፣ ሌሊቱን ሙሉ አቀበት ወጥተው ጠዋት ጤና ጣቢያ በር ላይ አሳረፉት። ሰው ልከውብኝ ነጠላዬን ሳላስተካክል ደረስሁ። መጀመሪያ ቀን ማታ አጎበሩን አድሎ ሲጨርስ አንዲት አራስ ቀርታው የራሱን ሰጣት አሉ። ትኩሳቱ ግን ገና በመንገድ ሲወርድ ነበር የጀመረው፤ ከፊተኛው ጉዞ ይዞት የመጣ ነው፣ ደብቆን ነው እንጂ። የያዘውን ኪኒን ደሞ ለልጆች ከፋፍሎታል። ዓይኑ ቢጫ ሆኗል፤ እጁን ስይዘው ጣቱ እንደ ምስር ለቀማ ይንቀሳቀሳል።

ካርድ ይውጣ አሉ። መስኮቷ ዘንድ ቀረብሁ። ያው ልጅ ነው፤ ስሜነህን ያውቀዋል፣ ደንግጦ ብድግ አለ። ግን ጥያቄው አይቀርም።

«አገሩ የት ነው?»

ስሜነህ ከቃሬዛው ላይ ቀና ሊል ሞከረ። ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። «እማማ... ዋርካ ሜዳ በሏቸው። ያደርሁበትን በሏቸው።»

ሰማሁት። እኔም ሰማሁ፣ ልጁም ሰማ፣ ተሸካሚዎቹም ሰሙ። የተሸካሚዎቹን ፊት አየሁ፤ ሁሉም መሬት መሬት ነው የሚያዩት። ልጁ እስክሪብቶውን ይዞ እኔን ይጠብቃል። እንግዲህ ፍረዱኝ። እሱ ያስተማረኝን አውቃለሁ፤ ንብርብሩን አውቃለሁ፣ ነጥቡን አውቃለሁ፣ የጥሩወርቅን ልጅ በእጄ ቀብሬዋለሁ። ግን የሰው ልጅ ቃሬዛ ላይ ተኝቶ፣ እናቱ ሞጣ ቁጭ ብላ፣ አገሩ በረሃ ነው ብዬ በገዛ አፌ ልጥራበት? አፌ እንቢ አለኝ። ሲቀልድ ሲሳደብ የኖረ አፍ፣ ያቺን ሁለት ቃል ማውጣት አቃተው።

«ሞጣ» አልሁ። «ዋንዛ ሚካኤል።»

ልጁ ጻፈ። ስሜነህ አየኝ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ዓይኑን ከደነ፣ ጣቱም መልቀሙን ተወ። በማግስቱ ጠዋት አረፈ።

ሞጣ ወስደን ቀበርነው፤ ከአባቱ ጎን። እናቱ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ «አገሩን ስላልካድሽበት እግዜር ይስጥሽ» አለችኝ። ሙሾ አውራጅ ሆኜ የማላውቅ ሴት የዛን ቀን አወረድሁ ይሉኛል፤ ምን እንዳልሁ አላስታውስም።

ከዓመት በኋላ ያንን ሦስት ዳዊት የሚያህል መጽሐፉን ልመልስ መሥሪያ ቤቱ ሄድሁ። ካርታ የምትሠራው አሁን ጸሐፊዋ ሆናለች፤ በምሳ ሰዓት እሱን እያየች ተምራ። ግድግዳው ላይ የምሥራቅ ጎጃም አዲስ ካርታ ተሰቅሏል። ወይራ ጊዮርጊስ እንደገና ቀልቷል። ዋርካ ሜዳ ነጭ ነው፣ ንጹሕ፣ ሰው የሌለበት ይመስላል። ወደ ላይ ደሞ፣ ከሁሉ ተለይታ፣ አንዲት ቀይ ነጥብ።

«ይቺ ምንድን ናት?» አልኋት።

«እሷ ሞጣ ናት፣ እማማ። አንድ በሽተኛ ነው፤ ብርድ አገር እንዴት እንደተገኘ እኛም ገርሞናል» አለችኝና፣ አፏን በእጇ ያዘች። ገባት። አታጥፊያትም ወይ ብላት፣ ካርዱ እንደዛ ይላል አለች። ካርዱማ ይላል። ያስባልሁት እኔ ነኝ።

ቀልዴን አልተውሁም፤ ቀልድ የተወች አሮጊት ምን ትሠራለች? ምስር ግን አልገዛም፣ የልጅ ልጄ ለምን እንደሆነ ስትጠይቀኝ ሆዴን ይነፋኛል እላታለሁ። አሁን ስትጽፈው አወቀች። ዋርካ ሜዳ ያው እንዳለ ነው። ጥሩወርቅ ከዛ ወዲህ አንድ ልጅ ደግማ ቀብራለች፤ የሱም ካርድ ወይራ ጊዮርጊስ ይላል።

እና ያቺ ልጅ፣ ባለፈው ሳምንት የመጣችው፣ ሳቄ እስኪበርድልኝ ጠበቀችኝ። ደግ ልጅ ናት። «እማማ፣ አገርዎ የት ነው?» ብላ ደገመችልኝ።

«ሞጣ» አልኋት።

ጣቷን ስልኩ ላይ አሳረፈች። አመሰግናለሁ ብላኝ ወደ ጎረቤት አለፈች። ማደሪያዬን አልጠየቀችኝም። ብትጠይቀኝም ያው ሞጣ ነበር የምላት።